ወሬው ከውሃው ይቅደም

የዛሬው ዝግጅታችን ፋብሪካ አጠገብ ለምትኖሩ፣ ወንዝና ሐይቅ ላይ መረብ ጥላችሁ ለምታድሩ፣ በፍሳሽ ማጣሪያም በፈረቃ ለምትሠሩ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ተበላሽቶ ዓሣ መሞት ሲጀምር ማን ምን ያድርግ? ከየትስ ይጀመር? ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ቀረብ አድርጉ፤ መሐል ላይ ጻፍ ጻፍ ብታደርጉት የሚጠቅም ነገር አለ።

በደረሰ ጉዳት ልጀምር። ቦታው ቬትናም ነው። ሃ ቲን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቩንግ አንግ ወደብ አጠገብ፣ ፎርሞሳ የተሰኘው የታይዋን ኩባንያ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ግዙፍ የብረት ፋብሪካ ተክሎ ነበር። ፋብሪካው ገና የሙከራ ሥራ ላይ ሳለ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ገደማ፣ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች ማዕበል የተፋው የሞተ ዓሣ ባሕር ዳር ላይ ማግኘት ጀመሩ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሞቱ ከባሕሩ ሞገድ ጋር ወደ ደቡብ ወረደ፤ ኳንግ ቢን ደረሰ፣ ኳንግ ትሪ ደረሰ፣ ቱዋ ቲየን ሁዌ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአራት ክፍለ ሀገሮች ዳርቻ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን፣ በሞተ ዓሣ ተሞላ። በኋላ መንግሥት ሲቆጥረው ከ100 ቶን በላይ ሆኖ ተገኘ። በተለይ ያለቁት ደግሞ ከባሕሩ ወለል ተጠግተው የሚኖሩት ናቸው።

አስጋሪዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ፋብሪካው የፍሳሽ ቧንቧ ነበር። ከእነሱ አንዱ ጠልቆ ገብቶ ከባሕሩ ሥር ቢጫ ውሃ የሚተፋ ትልቅ ቧንቧ ማየቱን ለጋዜጠኞች ተናገረ። ሰሚ ግን በቀላሉ አልተገኘም። የኩባንያው አንድ ተወካይ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሕዝቡ ወይ ዓሣና ሽሪምፑን ወይ የብረት ፋብሪካውን ይምረጥ የሚል ቃል ተናገረ። ኩባንያው በማግስቱ ይቅርታ ቢጠይቅም ንግግሩ አገሩን አነደደው፤ ሰው አደባባይ ወጥቶ “ዓሣን እመርጣለሁ” የሚል ወረቀት ያዘ። የአገሪቱ የአካባቢ ምክትል ሚኒስትር በሚያዝያ ወር በሰጡት መግለጫ ምክንያቱ ወይ ሰው የለቀቀው መርዝ ወይ ባሕሩን ቀይ የሚያደርገው አልጌ ሊሆን ይችላል፣ ፋብሪካውን የሚያስጠይቅ ማስረጃ ግን እስካሁን የለም አሉ።

እውነቱ በይፋ የተነገረው ሰኔ 23 ቀን ነው። ከመጀመሪያው የሞተ ዓሣ እስከዚያ ቀን ድረስ 85 ቀን አለፈ ማለት ነው። በዕለቱ መንግሥት እንዳስታወቀው በሙከራው ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ መብራት ተቋርጦ ነበር፤ ማጣሪያው በአግባቡ ሳይሠራ ፌኖል፣ ሲያናይድና የብረት ሃይድሮክሳይድ የተቀላቀለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ወጣ። የብረት ሃይድሮክሳይዱ ከባሕር ውሃ ስለሚከብድ መርዙን ተሸክሞ ወለል ወለሉን ሄደ። ከሥር የሚኖሩት ቀድመው ያለቁት ለዚህ ነው። የኩባንያው ሊቀ መንበር በቪዲዮ ቀርበው ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ፤ ኩባንያው 500 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ጉዳቱ 41 ሺህ አስጋሪዎችን ጨምሮ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ኑሮ እንደነካ መንግሥት ራሱ ተናግሯል።

መብራት መጥፋቱ፣ ፓምፕ መቆሙ፣ ቫልቭ መበላሸቱ በየትኛውም ፋብሪካ ይደርሳል፤ የብረትና የኤሌክትሪክ ነገር ነውና። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ 85ቱ ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አስጋሪው ምን እንደገደለው የማያውቀውን ዓሣ ይለቅማል፣ እናት ለልጆቿ ምን እንደምታበላ ግራ ይገባታል፣ ሐኪም ለየትኛው መርዝ እንደሚመረምር አያውቅም። መርዙን ባሕር ውስጥ ገብቶ መልሶ መያዝ አይቻልም። መናገር ግን በመጀመሪያው ሰዓት ይቻል ነበር። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህን እላለሁ፤ ወሬው ከውሃው መቅደም አለበት።

ይህ ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። መካከለኛ ፍጥነት ያለው ወንዝ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል እንበል። በሰዓት 1 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከፋብሪካ የወጣ መርዝ ጎህ ሲቀድ 20 ኪሎ ሜትር አልፎ ይገኛል። በዚያ ርቀት ውስጥ ስንት ከብት ማጠጫ፣ ስንት የመስኖ ፓምፕ፣ ስንት ውሃ መቅጃ አለ? ስልክ ግን ያንን መንገድ በደቂቃ ይጨርሰዋል።

ለመሆኑ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ምን ይሆናል? ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ መጀመሪያ ጨርቁንና ጭራሮውን በወንፊት፣ ድፍርሱን በማስቀመጫ ገንዳ ያስቀራል። ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰፊ የኮንክሪት ገንዳ አለ፤ ከሥሩ በቧንቧ አየር ይነፋበታል፤ ቀንም ሌሊትም ሲንተከተክ ያድራል። ውሃው ቡናማ ነው። ያንን ቡናማ ነገር ባለሙያዎቹ ዝቃጭ ይሉታል፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ተያይዘው ተጠባብቀው የሠሩት ነው። ፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ቀስ በቀስ ካለማመዷቸው ፌኖልን የመሰለ መርዝ እንኳ ይበላሉ። ጤነኛ ገንዳ አጠገብ ብትቆሙ የሚሸታችሁ ዝናብ የነካው አፈር ነው።

እነዚህ ፍጥረታት እንደኛው ኦክስጅን ይፈልጋሉ። መብራት ጠፍቶ አየር ነፊው ሲቆም ውሃው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በደቂቃዎች ይጨርሱታል። ሰዓታት ሲቆጠሩ መታፈን፣ ከዚያም መሞት ይጀምራሉ። የአፈሩ ሽታ ይጠፋና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይተካል፤ ቡናማው ይጠቁራል፤ ወደ ታች መስፈር የነበረበት ዝቃጭ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ከውሃው ጋር ይወጣል። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ አድማጮች ይህን አስተውሉ፦ ጄኔሬተሩ የተዘረጋው ለማምረቻው ብቻ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ምርቱ ይቀጥላል፣ ፍሳሹም ይመጣል፣ ማጣሪያው ግን ቆሟል። ከዚህ የከፋ አሠራር የለም። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ የመጠባበቂያው መብራት አየር ነፊው ድረስ መድረሱን ጠይቁ።

መብራት ባይጠፋም ባክቴሪያዎቹ በአንድ ቀን ሊያልቁ ይችላሉ። አንድ ሠራተኛ የኬሚካል ጋን ሲያጥብ ያጠበበትን በአንድ ጊዜ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ከለቀቀው፣ ወይም የአሲድ መጠን መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ውሃው ከሚገባው በላይ ከኮመጠጠ ገንዳው ይመረዛል። የሞተ ገንዳ ደግሞ አዝራር በመጫን አይነሣም። ጎረቤት እርሾ እንደሚዋሱት ሁሉ፣ ተመሳሳይ ፍሳሽ ከሚያክም ሌላ ፋብሪካ ሕይወት ያለው ዝቃጭ በቦቴ አምጥቶ መጣል፣ ከዚያም በትንሽ በትንሹ እየመገቡ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ እያመረተ ማጣሪያው ሠርቷል ቢላችሁ አትመኑት።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። የሚሞት ዓሣ ብዙ ነገር ይናገራል፤ የሚያነበው ካለ። ሰዓቱን እዩ። ጎህ ሲቀድ ዓሦች ወደ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚጎርሱ ከሆነ፣ ትልልቆቹም ቀድመው ከሞቱ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የኦክስጅን ማነስ ነው። አልጌ የበዛበት ውሃ ሌሊቱን ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው ከሁሉ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። ትንሹም ትልቁም፣ ትሉም ቀንድ አውጣውም በአንድ ጊዜ፣ በማናቸውም ሰዓት ካለቀ ግን መርዝን ጠርጥሩ።

እኛ አገር ደግሞ ጥሩ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ዓሦች አሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ። አምባዛ ከመተንፈሻ ስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ኦክስጅን ያነሰበት ጭቃ ውሃ ውስጥ እንኳ ወደ ላይ እየወጣ አየር ጎርሶ ይኖራል። ስለዚህ ቆሮሶው ሞቶ አምባዛው ደህና ከሆነ ጉዳዩ የኦክስጅን ሊሆን ይችላል። አምባዛውም አብሮ ከተገለበጠ ነገሩ ከዚያ የከበደ ነው። አስጋሪ ወዳጆቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ ለባለሙያው ስትናገሩ የትኛው ዓሣ እንደሞተና የትኛው እንደተረፈ ለይታችሁ ንገሩት።

ሌላው ስንጥቡ ነው፤ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ከክዳኑ ሥር ያለው መተንፈሻው። ገና እያጣጣረ ያለ ዓሣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከልክ ያለፈ ደማቅ ቀይ ከሆነ ሲያናይድ ይጠረጠራል፤ ሲያናይድ ሰውነት ኦክስጅኑን እንዳይጠቀም ስለሚያደርግ ደሙ ኦክስጅን እንደተሸከመ ይቀራልና። ወደ ቡናማ፣ ወደ ቡና አተላ መልክ ከሄደ ናይትራይት ሊሆን ይችላል። ነጣ ብሎ በዝልግልግ ነገር ከተሸፈነ አሲድ ወይም እንደ አሉሚኒየም ያለ ብረት ነው። ይህ ፍርድ አይደለም፤ የላብራቶሪ ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ምልክት ነው። ዓሣው ሞቶ ከቆየ ግን ስንጥቡ ይደበዝዛል፣ ምስክርነቱም አብሮ ይጠፋል።

አሞኒያን ሳላነሣ አላልፍም፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን በቀጥታ ይመለከታልና። ማጣሪያ ሲዳከም በብዛት ከሚያመልጡት አንዱ እሱ ነው። የአሞኒያ መርዛማነት ውሃው ወደ አልካሊነት ባዘነበለ መጠን ይጨምራል፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ሲል መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። እንደ ሐዋሳ ያሉ ሐይቆች በተፈጥሯቸው አልካላይን ናቸው። ሌላ አገር ወንዝ ውስጥ ዓሣ የማይገድል መጠን እዚህ ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

በል እንግዲህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው እንበል፤ ማጣሪያው ላይ ተረኛ አንተ ነህ፤ ገንዳው ጠቁሯል፣ ሸትቷል። ብዙ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መውጫው ቫልቭ ነው። መውጫውን መዝጋት መልካም ነው፤ ግን ከላይ እየመጣ ያለው ፍሳሽ ካልቆመ ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። መቆም ያለበት ምርቱ ነው። ይህ ደግሞ ከአንድ ተረኛ ሥልጣን በላይ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋብሪካ ተረኛው ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ነገም ሳይጠየቅበት ፍሳሽ የሚያመነጨውን ክፍል ማስቆም እንደሚችል በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ሥራ አስኪያጁ እስኪነቃ ሲጠበቅ የሚያልፈው አንድ ሰዓት ወንዙ ላይ አንድ መንደር ነው።

የመጣው ፍሳሽ ወደ መጠባበቂያ ገንዳ ይዞር። መጠባበቂያ ገንዳ ባዶ ካልሆነ ስሙ ብቻ ነው፤ ዝናብ ውሃ ሞልቶበት፣ ዕቃ ተከምሮበት የሚገኝ ብዙ ነው። ንጹሕ ውሃ ጨምሮ ማቅጠንም መፍትሔ አይደለም፤ መለኪያው ላይ ቁጥሩን ያሳንሳል እንጂ ወንዙ የሚቀበለው የመርዝ ክብደት ያው ነው። አሲድን በኖራ አበርዳለሁ የሚልም ሰው መጠኑን ካላወቀ ውሃውን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይጥለዋል፤ ዓሣ ሁለቱንም አይችልም።

እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ አለ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉር ከሚነቀልበት ክፍል ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ይወጣል፤ ከክሮም ማልፊያው ደግሞ አሲድነት ያለው ፍሳሽ ይመጣል። ሁለቱ ተለይተው መታከም ሲገባቸው በብልሽት ሰዓት ከተቀላቀሉ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይነሣል። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል፤ “ሽታው ጠፋ” ብሎ ወደ ጉድጓዱ የወረደ ሠራተኛ እዚያው ይወድቃል። ጓደኛውን ላድን ብሎ የገባውም ይከተለዋል። የተዘጋ ገንዳ ወይም ማንሆል ውስጥ ያለ ጋዝ መለኪያ፣ ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ገመድ ማንም አይውረድ። ፓምፑ ይቅር።

ከዚያ ስልክ። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መገኘት ያለበት ዝርዝር ይኼ ነው፦ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ የውሃ አገልግሎቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ከታች ያሉት የቀበሌ ሊቃነ መናብርት፣ የአስጋሪዎች ማኅበርና የመስኖ ማኅበር። መልእክቱ አጭር ይሁን። ምን እንደወጣ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ በየት በኩል፣ ምን እንዳይደረግ። “ምርመራው ሲጠናቀቅ እናሳውቃለን” ከብት ሊያጠጣ ለወጣ ሰው ምንም አይሠራለትም።

ለአደጋ የሚሰጥ ምላሽ ራሱ እንዴት ሊገድል እንደሚችል የምታሳይ አንዲት ከተማ አለች፤ እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዋል ውስጥ፣ ካምልፎርድ። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. ሎወርሙር በተባለው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ፣ ጠባቂ ባልነበረበት ሰዓት፣ ዕቃ ያመጣ ሹፌር 20 ቶን የአሉሚኒየም ሰልፌት ውህድ በተሳሳተ ጋን ገለበጠው፤ የተጣራው ውሃ ወደ ሕዝብ በሚሄድበት ጋን ውስጥ። ውሃው 20 ሺህ ሰው ይጠጣው ነበር። ውሃው ኮመጠጠ። የውሃ ባለሥልጣኑ መስመሩን ለማጠብ ቧንቧዎቹን እየከፈተ ውሃውን ወደ ካምልና ወደ አለን ወንዞች ለቀቀው። እዚያ የነበሩት ሳልሞንና ትራውት ዓሦች በአሥር ሺዎች አለቁ። አሲድ በሆነ ውሃ ውስጥ አሉሚኒየም ስንጥብ ላይ ይለጠፋልና ታፍነው ነው የሞቱት። ለሕዝቡ ስለ አሉሚኒየሙ በጋዜጣ የተነገረው ከ16 ቀን በኋላ ነበር። ባለሥልጣኑ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ 10 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። መስመር ስታጥቡ፣ ገንዳ ስታጸዱ፣ ወለል ስታለቀልቁ ያ ውሃ የት እንደሚሄድ ሳታውቁ ቫልቭ አትንኩ የምለው ይህን ይዤ ነው።

አሁን ደግሞ ከታች ላለው ሰው። የሞተ ዓሣ ስታዩ አትብሉት፣ አትሽጡት፣ አድርቃችሁ አታስቀምጡት፣ ለውሻም ለዶሮም አትስጡት። ከብቶቹን ከወንዙ አርቁ፤ የመስኖ ፓምፑን አጥፉ። ከዚያ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራ አንድ ትልቅ ሥራ አለ። ናሙና መያዝ። መርዝ ይሄዳል፣ ይቀጥናል፣ ይበተናል፤ ባለሙያ ከከተማ እስኪመጣ የሚያገኘው ጥሩ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ንጹሕ የታሸገ ውሃ የነበረበት ላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ ዘይት ወይም ኬሮሲን የነበረበት ግን አይሆንም። የመስታወት ጠርሙስ ካላችሁ አንዱን በእሱ ቅዱ፤ ለፌኖልና ለዘይት ነክ ነገሮች የተሻለ ነው። እጃችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። ወንዙ ውስጥ ስትገቡ ፊታችሁን ወደ ምንጩ አድርጋችሁ ቁሙ፤ እግራችሁ ያደፈረሰው ወደ ጠርሙሱ እንዳይገባ። በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁና ከበስተኋላችሁ አፍሱት። ከዚያ አየር እስከማይቀርበት ሙሉና ክደኑት። ከሦስት ቦታ ያዙ፦ ከፋብሪካው መውጫ በላይ፣ መውጫው አጠገብ፣ ዓሣው ከሞተበት። ከላይ የተቀዳው ከሌለ “ወንዙ ድሮም እንዲህ ነበር” ለሚል ሰው መልስ አይኖራችሁም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የቀዳውን ሰው ስም በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ፀሐይ አይንካው፤ በረዶ ካለ በረዶ ውስጥ፣ ከሌለ እርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አድርጉት። ሲያናይድ ከተጠረጠረ አትዘግዩ፤ ባለሙያው ማቆያ ካልጨመረበት በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል።

ዓሣም ያዙ፤ የበሰበሰውን ሳይሆን እያጣጣረ ያለውን። በንጹሕ ላስቲክ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት፤ ስንጥቡና አካሉ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ከሆነ ግግር በረዶ ስለሚያበላሸው ግን አታግግሩት። ሲቀዳም ሲያዝም ሁለት የማይዛመዱ እማኞች ይኑሩ፤ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ከተቻለ ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በቀበሌው እጅ ይቀመጥ። በኋላ ክርክር ሲነሣ ይህች ጠርሙስ ከመቶ ሰው ጩኸት ትበልጣለች።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያውጃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አንቀጽ 11 ላይ ለማንኛውም ሰው አቤት የማለት መብት ይሰጣል፤ ጉዳቱ የደረሰው በእኔ ላይ ነው ብሎ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አቤቱታ አቅራቢው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቁጥሮቹን ጻፏቸው፤ 300፣ 11፣ 30፣ 60።

ይህን ሁሉ የምናገረው የእኛ ውሃዎች ይበልጥ የሚሳሱላቸው ስለሆኑ ነው። አዋሽ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም። የአዲስ አበባን አቃቂ፣ የሞጆን ወንዝ ተቀብሎ፣ ቆቃ ላይ ተኝቶ፣ ወንጂንና መተሐራን አጠጥቶ አፋር ምድር ውስጥ ያልቃል። ሞጆ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ሐዋሳ ሐይቅም መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ የቬትናሙ እውነት በይፋ በተነገረ በሳምንታት ውስጥ፣ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁ ምንም እንዳይለቅ ተደርጎ የታነጸው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ መወደስም ይገባዋል። ይህ ዓይነቱ ማጣሪያ ግን ብዙ መብራትና ብዙ ጥገና ይፈልጋል። ለቆመበት ቀን የሚሆን ባዶ ገንዳና የተጻፈ ትእዛዝ ከሌለው እንደማንኛውም ማጣሪያ ነው።

የመጨረሻው ነገር ለአስጋሪዎች ነው። ቬትናም ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ዶላር ከተከፈለ በኋላም ለማን ስንት ይገባል የሚለው አላበቃም። ከአራቱ ክፍለ ሀገሮች በስተሰሜን ያሉት የንጌ አን አስጋሪዎች ከካሳው ዝርዝር ውጭ ሆነው ክስ ለማቅረብ መንገድ ወጥተዋል። ጉዳት ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ታገኝ ነበር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ መረቡ የተጣለበትን ቦታ፣ ስንት ኪሎ ቆሮሶ፣ ስንት ኪሎ አምባዛ፣ በስንት ብር እንደተሸጠ በየዕለቱ አስፍሩ። መጻፍ የማይችል አባት ካለ ልጁ ይጻፍለት። ማኅበር ያላችሁ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ በማኅተም አጽኑት።

ስለ ናሙና አያያዙ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን የላብራቶሪ ባለሙያ ጋብዘን መልሱን እናሰማችኋለን።